የሚቃዡ ቱቦዎች ገበያ

መስከረም 20

ወንድም ጋሼ፣

አላኮረፍኩም። ስልክህን ዝም ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ እማዬም "ምን አድርገሃት ነው?" እያለች እንዳታስጨንቅህ ይህንኑ አስቀድመህ ንገራት። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ስምህ እየበራ ሲጠራ እያየሁ ማለፍ ለእኔም ቀላል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን የመጪዎቹን አምስት ዓመታት የብርሃን ጠቋሚ ዕቃዎች ገበያ አጥንቶ አገር አቀፍ ትንበያ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠ። ሽፋን ላይ ስሜ ብቻውን ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ የአምራቾቹን ዝርዝር ስከፍት ከሁሉ በላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። በሆስፒታል የምርመራ ማሽኖች ውስጥ ከሚገቡት ቱቦዎች አብዛኞቹ ካንተ አዳራሽ እንደሚወጡ አውቅ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ወዲያው አለቃዬ ዘንድ ገብቼ "ይሄ ወንድሜ ነው" አልኳቸው።

አለቃዬ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ሥራውን እንድቀጥል ፈቀዱልኝ። ግን ትንበያው ታትሞ እስኪወጣ ድረስ አንተን በስልክም በአካልም ላላገኝህ ተስማማን። የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው፤ የእኔም ያንተም ደብዳቤ ሳይታሸግ በእሳቸው ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ካንተ ቀድመው አንብበውታል። እንደ ድሮው አፍህ እንዳመጣልህ እንዳትጽፍ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የእማዬን ቤት ሸጠህ አጠገብህ ያለውን አዳራሽ ልትገዛ ማሰብህን፣ ባለ አዳራሹም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቅህ ከእሷው ሰምቻለሁ። "ገበያው የሚያድግ ከሆነ ልሽጥ፣ ካልሆነ ልተወው፤ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለህ የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አልመልስልህም። ዛሬ አላውቅም፤ ነገ ሳውቅም አልመልስልህም። ትንበያው የሚወጣው ጥር ላይ ነው፣ ከሰው ሁሉ እኩል ታነበዋለህ። ቤቱ እኔም የተወለድኩበት ነውና ዝም የምለው ግድ ስላልሰጠኝ እንዳይመስልህ።

ለአምራቾች ሁሉ የተላከውን መጠይቅ አያይዣለሁ። ምን ያህል እንደሸጥክ፣ ለማን እንደሸጥክ፣ ምን ያህሉ እንደተመለሰብህ፣ አሠራርህም ምን እንደሚመስል ሙላልኝ። እህትህ መሆኔን እርሳውና ሙላው።

እህትህ


ጥቅምት 3

ለእህቴ ለሚጡ፣ ደግሞም ይህን ከእሷ ቀድመው ለሚያነቡት ለክቡር አለቃዋ፣

ሁለታችሁም እንደምን ከርማችኋል? እኛ ደህና ነን። ክቡር አለቃ፣ ስላልተዋወቅን ከእርስዎ ልጀምር። እኔ ወንድሟ ነኝ፣ እርስዎም ጠባቂዋ መሆንዎን ሰምቻለሁ። ልፋትዎ ከንቱ ነው። ይቺ ልጅ በልጅነታችን ካርታ ስንጫወት እጄ ላይ ያለውን ድንገት ካየችብኝ "አይቼብሃለሁ፣ እንደገና በውዘው" ትለኝ የነበረች ናት። ከእሷ ጋር መጫወት ያሰለች ነበር። ያም ሆኖ ሻይዎን እየጠጡ ያንብቡልን፣ ደስ ይለኛል።

ሚጡ፣ "ቤቱ ሲሸጥ እማዬ የት ልትገባ ነው?" ብለሽ አስበሽ ከሆነ፣ እኔ ጋ ነዋ። ከእኔ ይልቅ እሷ ቸኩላለች። ቁም ሣጥኑን ለጎረቤት ሰጥታዋለች። "ገና አልሸጥንም እኮ" ብላት "ሸክምህን ላቅልልህ ብዬ ነው" አለችኝ። ዕቃዋን ሁሉ ቋጥራ በየጥጉ ስላስቀመጠች እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ቋጠሮ ላይ ነው።

መጠይቁን ሞልቻለሁ፤ ስለ አሠራሩ የተተወው ሁለት መስመር ግን አልበቃኝም። ክቡር አለቃም እንዲረዱት ከሥሩ ልንገራችሁ። የእኛ ቱቦ ጡጦ የሚያህል፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣ ብርጭቆ ነው። የብርሃን ቅንጣት ሲያርፍበት ይቆጥራል። ታማሚው ሆድ ውስጥ ያለውን ዕጢ ለሐኪሙ የሚያሳየው ማሽን ያለ እሱ ዕውር ነው። ታዲያ ይህን ያህል ስሱ የሆነ ነገር የሚፈተሸውም የሚታሸገውም በድቅድቅ ጨለማ ነው። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለን ሣጥኑ ውስጥ እስክንከተው ድረስ መብራት የሚባል አይበራም።

በጨለማ እንዴት አትጋጩም ትይ ይሆናል። እናንጎራጉራለን። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ዜማ አለው፤ አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የምንለው የሌላ ሰው ያልሆነ ዜማ መርጠህ ና ነው። የጨለማው ክፍል ኃላፊ ፊሽካ የምንላት ሴትዮ ናት፤ እሷ ታፏጫለች፣ ስታፏጭ ሁሉም መንገድ ይለቃል። ልማዱ ውጭም አልለቀቀንም። ምሳ ሰዓት በጠራራ ፀሐይ የግቢውን ማዕዘን ስንታጠፍ እያንጎራጎርን ነው። ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን እያንጎራጎርኩ ወደ ማድ ቤት ስገባ ደስ ብሎኝ ይመስላት ነበር።

ሽያጩን ከቅጹ ታገኚዋለሽ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ትእዛዛችን በእጥፍ ጨምሯል። "የተመለሰ" በሚለው ቦታ ዜሮ ጽፌያለሁ። ስሕተት መስሎሽ እንዳትደውዪ፤ መደወሉንም ተከልክለሻል። አንድም ቱቦ አልተመለሰብንም። ይህን የምጽፍልሽ ደረቴን ነፍቼ ነው። ትንበያሽን ሳላይ አዳራሹን ብፈርም እንኳ የራሴ ትእዛዝ ይበቃኛል፤ ቤቱንም የምሸጠው በዚያው ተማምኜ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ወንድም ጋሼ፣

አለቃዬ ስቀው እንደሆነ ማወቅ ሳትፈልግ አትቀርም። በር ዘግተው ስላነበቡት አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደሩ ማዕዘን ላይ ሊታጠፉ ሲሉ ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው። እኔን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩ ነው መጥፎ፣ በአንድ ቃል" ብትለኝ ስለ ገበያው በግማሽ ቃልም አልነግርህም። ሥራው ግን እየሄደልኝ ነው። አምራቾቹ ሸጥን ያሉትና ሆስፒታሎቹ ገዛን ያሉት ቁልጭ ብሎ ገጥሞልኛል፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ መረጃ ይዤ ሠርቼ አላውቅም። ይህን አለቃዬ ከሰረዙት ምንም አላልኩም።

ከቁጥር ውጭ ያለውን ግን ላጫውትህ፣ እሱ ምሥጢር አይደለም። ማሽኑን በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም ብዬ ከሆስፒታሎቹ ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። ማሽኑን የሚጠግነውን ቴክኒሻን ሁሉም "ባለ ማሽኑ" ነው የሚሉት። ክፍሉን ብታየው፣ ግድግዳው ነጭ ሰድር፣ አንዱ ወገን ሙሉ መስኮት፣ ጠረጴዛው ደግሞ ክርኔን ለማስደገፍ እስክፈራ ድረስ የጠራ። አዲስ ቱቦ ሲመጣለት ጥቁሩን ጨርቅ ገልጦ፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ እያዟዟረ ብርጭቆው አለመሰንጠቁን እንዴት እንደሚመረምር አሳየኝ። ሣጥኑ ውስጥ የምታስቀምጣትን ወረቀት ሳይቀር አውጥቶ "በታዘዝነው መሠረት ነው" አለኝ። ኮራሁብህ።

የሞቱትን ቱቦዎች ደግሞ አይጥላቸውም። የመስኮቱ ደፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደርድሯቸዋል፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያምራሉ፤ ነርሶቹ "የባለ ማሽኑ መቃብር" ይሉታል። ስንት ዓመት አገልግለው እንደሚሞቱ ስጠይቀው አፈር አለ። "አንዳንዱ ገና ሳስገባው ነው የሚሞተው፤ እጄ ይከብዳል መሰለኝ" አለ። በራሱ ስላፈረ ነው የማይመልስልህ። እንግዲህ ዜሮህ ከሰው ትሕትና የመጣ ነው፣ ብዙ አትኩራበት።

እማዬን ሳምልኝ። ቋጠሮዎቹን በልክ ታድርጋቸው፣ ወገቧን ያማታል።

እህትህ


ኅዳር 6

ሚጡ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አለቃሽም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዳራሹን አልፈረምኩም። ባለ አዳራሹ ትናንትም መጥቶ ነበር፣ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ለቤቱም ገዢ መጥቷል። እማዬ ክፍሎቹን ስታስጎበኘው የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳይቀር አሳየችው፤ ያም ሆኖ እገዛዋለሁ ብሏል።

ስለ ባለ ማሽኑ የጻፍሽውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። እባክሽ ይህን መልሺልኝ፤ ጨርቁን ሲገልጠው መብራቱ በርቶ ነበር? መስኮቱስ መጋረጃ አልነበረውም? ደግሞ እዚያ ደፍ ላይ ከተደረደሩት ውስጥ ሁለቱን፣ እሱ ከፈቀደና አለቃሽ ካልተቃወሙ፣ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለሽ ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አልጽፍም። ለፊሽካም ገና አልነገርኳትም።

ዛሬ ብዙ መጻፍ አልሆነልኝም፣ ይቅርታ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ወንድም ጋሼ፣

መብራቱ በርቶ ነበር። መጋረጃ የሚባል ነገርም የለም፤ ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ ክፍሉን ሞልታው ነበር። በጨለማማ መሰንጠቁን በምን ሊያየው?

ሁለቱን ቱቦዎች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ናሙና ለአምራች መመለስ ደንቡ ስለሚፈቅድ አለቃዬ አልከለከሉም፤ እንዲያውም ጨርቁን የጠቀለሉት ራሳቸው ናቸው። ባለ ማሽኑ ሲሰጠኝ "ከመቃብር የሚያወጣቸው ማን ነው?" እያለ ሳቀ። ምን ልታደርግባቸው እንደሆነ እኔም አላውቅም ብዬዋለሁ፣ እውነቴን ነው።

ምን ሆነሃል ግን? ሙሉ ደብዳቤ ጽፈህ አንድ ቀልድ የለበትም። እማዬም ስደውልላት ምሳህን ሳትበላ ግቢ ውስጥ እንደምትመላለስ ነገረችኝ። ከእሷ ጋር ማውራት አልተከለከልኩም፤ ስላንተ ሥራ ግን አልጠየቅኳትም።

ረቂቄ አልቋል። በዚህ ወር ማብቂያ ለማተሚያ ቤት አስረክባለሁ። በሠራሁት ነገር እንዲህ ተማምኜ አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርምበታለሁ። ደስታዬን ለማን ላውራው? ላንተ ነበር፣ አንተን ደግሞ ተከልክያለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

ሚጡ፣ ክቡር አለቃ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ሁለቱ ቱቦዎች ደረሱ። ማንም ሳይገልጣቸው እንደተጠቀለሉ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባኋቸውና ፊሽካ ፈተሸቻቸው። ይቃዣሉ። እኛ ቤት እንዲህ የምንለው ቱቦ ምንም ብርሃን ሳይኖር "አየሁ፣ አየሁ" እያለ ሲቆጥር ነው። ብርሃን ያገኘው ቱቦ ሁሉ እንዲህ ይሆናል። አልሞተም፣ ደንግጧል ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ ሲያርፍ ይረጋጋል። ስለዚህ እዚያው ተውናቸው፣ ማንም እንዳይነካቸው አልኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፊሽካ እንደገና ልትፈትሻቸው እያፏጨች ገባች፣ እኔም ተከትያት ገባሁ። ፉጨቷ ድንገት ቆመ። እሷ ዝም ስትል ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ በዚያ ጨለማ አንድ የሚያንጎራጉር አልነበረም። "ጋሼ፣ እነዚህ ደህና ናቸው" አለችኝ። "ምንም አልሆኑም። ዛሬ ከእጃችን የወጡ ነው የሚመስሉት።"

አሁን ወረቀቷን ላምጣት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጭነት መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ብርጭቆው ተሰነጣጥቆ ነበር። ያኔ ነው በየሣጥኑ "እንደደረሳችሁ ጥቁሩን ጨርቅ ገልጣችሁ አለመሰንጠቁን አረጋግጡ" የምትል ወረቀት ማስገባት የጀመርነው። ጽሑፉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፣ ያረመችው ፊሽካ ናት፣ ሠራተኛው ሁሉ አንብቦታል። "በጨለማ" የሚል ግን ማናችንም አልጻፍንም። ጨርቁ በብርሃን ሊገለጥ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው እኛ ቤት የለም። ስንጥቅ እኛ የምንፈልገው በጣታችን ነው፤ ዳሰስ አድርገን እናውቀዋለን። ሌላው ሰው በዓይኑ እንደሚፈልግ ረሳነው። ይባስ ብሎ አንድ ሌላ አምራች ወረቀቴን ቃል በቃል ገልብጦ የእሱም ሣጥን ውስጥ አስገብቶታል። ትናንት አንዱን ሣጥኑን አስመጥቼ አየሁት።

ስለዚህ ሚጡ፣ ትእዛዜ በእጥፍ የጨመረው ማሽን ስለበዛ አይደለም፤ እኔም ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሆስፒታሉ በታዘዘው መሠረት ጨርቁን በፀሐይ ይገልጣል፣ ቱቦው ይቃዣል፣ ሞተ ብለው ሌላ ያዝዛሉ። አዲሱ እስኪደርስ ማሽኑ ይቆማል፣ የበሽተኛው ቀጠሮ ይተላለፋል። የሆድ ሕመሟ ምን እንደሆነ ሳታውቅ በእኔ ወረቀት ምክንያት የተመለሰች እናት ትኖራለች። ይህ ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ ነሳኝ። ያንቺ ቁጥርና የሆስፒታሎቹ ቁጥር ቁልጭ ብሎ የገጠመውም ሁላችንም አንዱን ስሕተት ስለቆጠርን ነው።

ያሰብኩትን አልደብቅሽም። ባለ አዳራሹ በሬ ላይ ነበር፣ የቤቱ ገዢም እማዬ ቋጠሮ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አፌን ብዘጋ ማን ያውቅብኛል? ወረቀቷን ቀስ ብዬ እቀይራታለሁ፣ ያንቺ ትንበያ ገበያው ያድጋል ብሎ ይወጣል (አልነገርሽኝም፣ ግን ሞኝ አይደለሁም)፣ እኔም ባለ ሁለት አዳራሽ እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ እያሰብኩ ሰነበትኩ። ግን ባልሞተ ቱቦ ሞት ተማምኜ የእናቴን ቤት ልሸጥባት አልቻልኩም። አንቺንም ሐሰት መሆኑን በማውቀው ነገር ላይ ስምሽን እንድታኖሪ ዝም ብዬ ላይ አልቻልኩም፤ የወንድምነት ወግ አይደለም። ሞተ ከተባለው ቱቦ ግማሽ ያህሉ እንዲያ የሚቃዥ ሳይሆን አይቀርም። አጣሪ።

አዲስ ወረቀት አሳትሜ ለሆስፒታሎች ሁሉ ልኬያለሁ። ያሉትንም ቱቦዎች ጨለማ ውስጥ እንዲያሳርፏቸው ጽፌላቸዋለሁ። ተናደጂብኝ እንጂ አትዘኚብኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ወንድም ጋሼ፣

ተናደጂብኝ ብለሃል። አዎ፣ ለሁለት ቀን ያህል አንተን ላንቅህ ደርሼ ነበር። ደብዳቤህን ባነበብኩባት ቅጽበት የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ከሁሉ ይልቅ የተናደድኩት በራሴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቆሜ፣ ፀሐዩን አይቼ፣ "መቃብር" ብዬ እንደ ቀልድ ጻፍኩልህ።

ስለ ትንበያው ምንም ልነግርህ አልችልም። የማተሚያ ቤቱንም ጉዳይ አልጽፍልህም። ይህን ያህል ብቻ ልበልህ፤ በየሆስፒታሉ ሞቱ ተብለው የተቀመጡ ቱቦዎች ተሰብስበዋል፣ ሌላ ገለልተኛ ቤተ ሙከራ ፈትሿቸዋል፣ ያልከው ትክክል ነው። ባለ ማሽኑ ደወለልኝ። "እጄ አይደለም ማለት ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ እጅህ ደህና ነው" አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሙያ ልውጣ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት መክረሙን ነገረኝ።

ስለ አዳራሹ ምን እንደወሰንክ እያሰብኩ ሥራዬን መሥራት አቅቶኛል። አትንገረኝ፣ መልስ እንድሰጥህ የሚያስገድደኝ ነገር እንዳይሆን። እማዬን ግን አይዞሽ በላት።

እህትህ


ጥር 28

ሚጡ፣

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከሰው ሁሉ እኩል አነበብኩት፤ ስምሽን ሽፋኑ ላይ ሳይ ለማላውቀው ሰውዬ "እህቴ ናት" ብዬ አሳየሁት። ሰውዬውም "ስለ ምንድን ነው?" ብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰልኝ። አሁን ስልክ ተፈቅዶልናል፣ ግን ብዕሩን ለምጄዋለሁ መሰለኝ።

አሳምረሽ ጽፈሻል። የቱቦው ገበያ ባለበት ይሄዳል፣ ከቺፕ የሚሠራው አዲሱ ብርሃን ጠቋሚ ግን በየዓመቱ ያድጋል ብለሻል። ምክንያቱንም አንድ ሰው በማይረሳው መንገድ አስቀምጠሻል፤ "የተሳሳተ ማስገንዘቢያ" የምትለዋ ሐረግ እኔ መሆኔን ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። ያቺን ገጽ ቀድጄ ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ።

አዳራሹን ተውኩት። የቤት ዕቃ የሚሠራ ሰውዬ ገዛው፣ ቀኑን ሙሉ መጋዙ ሲጮህብን ይውላል። ትእዛዛችን እንደጠበቅሁት በአንድ ጊዜ ወረደ። ማንንም ግን አላሰናበትኩም። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ እየደወሉ ማሽኖቻቸውን በየዓመቱ እንድንፈትሽላቸው እየጠየቁን ነው፤ ስሕተቱን የነገራቸው ሰው ማሽኑንም ይንገረን ብለዋል። ቺፑንም መሥራት ጀምረናል፤ ጥፍሬን የምታህል ነገር ናት። እሷም በጨለማ ነው የምትፈተሸው፣ በጨለማ መሥራት ደግሞ ከእኛ የሚበልጥ የለም። ለጥፍር ለምታህል ነገር አዳራሽ ልገዛ ኖሯል። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቺፖች እናስረክባለን፤ እንደምንችለው አልጠራጠርም።

ቤቱንም አልሸጥኩትም። ይህን ስነግራት እማዬ ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ሦስተኛውን ስትፈታ "ፈርቼ ነበር እኮ" አለችኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት "ደስ ብሎህ ነበራ" አለች። በስልክ ልነግርሽ ስለማልችል ነው የምጽፍልሽ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ጎረቤት ሄዳ ቁም ሣጥኗን ጠየቀች። ጎረቤቷ ልብሷን ሞልታበት ስለነበር ግማሹን ለእሷ ግማሹን ለእማዬ አድርገው እየተጠቀሙበት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን ልታመጣ ጎረቤት ትሄዳለች።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። እኔ ወንድምሽ ሆኜ ሳለ አለቃሽ ከሥራው ያላወጡሽ ለምንድን ነው? እኔ አለቃ ብሆን አወጣሽ ነበር። አሁን መንገር ይቻልሽ እንደሆነ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አላነበበውም። ከልማዴ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው "አሽጊው" ብለው መለሱልኝ።

ጥያቄህን የምመልሰው እስከዛሬ ሆን ብዬ የደበቅሁህን ነገር በመንገር ነው። ያን ቀን ወንድሜ ነው ብዬ ስነግራቸው ሊያወጡኝ ወስነው ነበር፤ የሚተካኝን ሰው ስም ወረቀት ላይ ጽፈው አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ወንድምሽ ራሱን የሚጎዳ ነገር ቢያውቅ ይነግርሻል?" አሉኝ። ሳላስብ "ይነግረኛል" አልኩ። "እንዴት አወቅሽ?" ሲሉኝ ሌላ መልስ አልመጣልኝም፤ "አውቀዋለሁ" አልኳቸው። የጻፉትን ስም ሰረዙትና "እናያለን" አሉ። ደብዳቤዎችህን ያነቡ የነበረው እኔን ለመጠበቅ አልነበረም። አንተን ነበር የሚጠብቁት።

ያኔ ያልነገርኩህ፣ ብነግርህ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ትጽፍ ነበርና ነው። እኔም ብሆን በውስጤ አልተጠራጠርኩም አልልህም። ቀልድህ በጠፋ ጊዜ፣ እማዬ ምሳህን ሳትበላ ትመላለሳለህ ባለችኝ ጊዜ፣ አንድ ነገር እንደያዝክ ገብቶኝ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ብቻ ይነግረኛል፣ ይነግረኛል እያልኩ ነው የዋልኩት።

የታኅሣሡ ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት የማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። "ገበያው በአምስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ያድጋል" የሚለው በትልልቅ ፊደል ታትሞ፣ ስሜ ከሥሩ ተቀምጦ። አለቃዬ ደብዳቤህን ይዘው መጡ። ሁልጊዜ በጸሐፊዋ ይልኩልኝ ነበር፣ ያን ቀን ግን ራሳቸው መጡ፤ ሰው በተሞላ ቢሮ መካከል አጠገቤ ቆሙ። ገጾቹን አንድ በአንድ ፊቴ አስቀመጡልኝ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ቀና ስል ዓይናቸው ቀልቷል፣ እኔም ማንበብ ያልቻልኩበት ቦታ ነበር።

"ነገረሽ" አሉኝ።

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝና ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ። ቅጂውን ወደ ራሴ ሳብኩና ትልልቆቹን ፊደላት ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

እህትህ